የድግሱን ዕዳ ልጆች ለምን ይጹሙት?

ዕዳ የገባበት ቤት መጀመሪያ የሚቀንሰው አስቤዛ ነው። ደብረ ማርቆስም ፍኖተ ሰላምም ያው ነው። ወተቱ ይቀራል። እንቁላሉ ለበዓል ብቻ ይሆናል። ሽሮው ይቀጥናል፣ ዘይቱ በማንኪያ ይለካል። ከዚያ "ቆጥበን ዕዳችንን እየከፈልን ነው" ይባላል። እኔ ግን ይሄ ነገር አይዋጥልኝም። ዕዳውን ያመጣው ወጪ ሌላ፣ የሚቀነሰው ወጪ ሌላ ነውና።

ዕዳው ከየት መጣ? የገበሬው ብዙ ጊዜ የማዳበሪያ ነው። እሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ ዛሬ አልነካውም። የከተማው ደመወዝተኛስ? ኑሮ መወደዱን ማንም አይክድም። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ዋጋው ሰማይ ነክቷል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ ሌላ ይጨመርበታል። ይሁንና ትልልቁን ብድር ገልጠው ሲያዩት ከሥሩ ድግስ አይጠፋም። የጥር ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ተዝካር። ከመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር በወጣው ገንዘብ በሬ ይገዛል። በማግስቱ ከደመወዝ ላይ መቆረጥ ይጀምራል። ወሩ አልደርስ ሲል የሱቅ ዱቤ ይመጣል። ባለሱቁ ፊቱን ሲያዞር የቴሌብር "እንደኪሴ" የሚባለው ብድር አለ። ይሄ ሁሉ ሲሟጠጥ የሚንኳኳው የአራጣ አበዳሪ በር ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 20,000 ብር በወር 10 በመቶ ወለድ ተበደሩ እንበል። ወለዱ ብቻ በወር 2,000 ነው። በአሥር ወር የተበደሩትን ያህል ከፍለው ዋናው ገንዘብ ንቅንቅ አላለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን የብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ለዚያው 20,000 ብር በዓመት 2,400 ማለት ነው። አራጣ በወንጀል ሕጉም ያስጠይቃል፤ ያም ሆኖ ተበዳሪው አፍሮ ዝም ይላል፣ አበዳሪውም ውሉ ላይ ወለዱን ከዋናው ጋር ደምሮ ያጽፈዋል።

አሁን ወደ ልጁ እንቁላል እንመለስ። በቀን አንድ እንቁላል ቢቀርበት ወሩን ሙሉ የሚተርፈው ገንዘብ የአራጣውን የወር ወለድ ግማሽ መድረሱን እጠራጠራለሁ። ልጁ ተጎዳ፣ ዕዳው ግን ባለበት ቆመ።

ጉዳቱ ደግሞ ተራ አይደለም። በ2008 በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት 46ቱ የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ ነበሩ። በጊዜው ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ነው። ጤፉ፣ በቆሎው፣ ቅቤው፣ ማሩ ከሚወጣበት አገር ይህ ሲሰማ ያሳፍራል። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከሰባት ዓመት በታች ያለውን ልጅ ጹም አላለችም። እኛ ግን የድግሱን ዕዳ እናስጾመዋለን።

ከወጥ ቤት ምንም አይቀነስም እያልኩ አይደለም። ነጭ ጤፍ ካልሆነ የሚል ቤት ዳጉሳ ይቀላቅል። ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ካልሲየሙም ከጤፍ ይበልጣል፤ አያቶቻችን የበሉት ነው። እህል አዝመራ ሲገባ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይገዛ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በኪሎ የሚገዛ ሰው ለድህነቱ ቅጣት እየከፈለ ነው። ለኩንታል የሚሆን ገንዘብ ባንድ ጊዜ ከሌለ ሁለት ሦስት ጎረቤት ተዳብሎ ይግዛ። በዓል ሲመጣ በግ ከመጎተት ቅርጫ መግባት ይሻላል። ለመክሰስ ከብስኩት ይልቅ ድንች ቅቅል አለ፣ በደንብ የታጠበ ጊብጦ አለ። በደንብ የታጠበ ያልኩት አውቄ ነው፤ ምሬቱ ሳይወጣ ከተበላ ይመርዛል። ጓያም ረከሰ ተብሎ የዘወትር ምግብ አይደረግም፣ እግር ያሽመደምዳል።

ግን አስቤዛው ለምን ቀድሞ ይቆረጣል? ተቆጥሮ የሚሰጥ ገንዘብ ስለሆነ ነው። አባወራው ወር ሲገባ "ይሄው፣ እንደምንም አብቃቂው" ብሎ ለሚስቱ ይሰጣል። መቀነስ ሲፈልግ ቁጥሩ እጁ ላይ ነው። ከሥራ መልስ የሚጠጣው ድራፍት፣ ለጓደኛ የሚጋበዘው ጥሬ ሥጋ፣ "ዛሬ ሒሳቡ የኔ ነው" የሚባለው ግን ተቆጥሮ አያውቅም። ወንዶች አትቆጡኝና፣ ለአንድ ወር ብቻ የሁለታችሁንም ወጪ ጻፉት። የማን ደብተር ቶሎ እንደሚሞላ ያኔ እናያለን።

የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ አራጣው ይዘጋ። እቁብ ከደረሰ ወደዚያ ይሂድ፤ ወርቅ ካለ ይሸጥ። ከማኅበር በዝቅተኛ ወለድ ተበድሮ አራጣውን መዝጋትም ያዋጣል፣ በላዩ ላይ አዲስ ድግስ እስካልተጨመረ ድረስ። ቀጥሎ የሱቁ ዱቤ። እስከዚያው በዚያ ቤት በብድር የሚደገስ ድግስ አይኖርም። ሰርጉ በጥቂት ሰው ይሁን። ለሟች የሚያስፈልገው ጸሎተ ፍትሐትና ምጽዋት እንጂ በብድር የተገዛ በሬ አይደለም።

"ሰው ምን ይለናል?" የሚለው ጥያቄ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። የአባቱን ተዝካር አላወጣም የተባለ ሰው ያንን ስም ይዞ ነው የሚኖረው። አንድ ቤት ብቻውን ሊቋቋመው ይከብዳል። ለዚህ ዕድሩ ይሻላል። ዕድር ደንብ አለው፣ ለቀብር ለቀረ ቅጣት አለው፣ ዳኛ አለው። ለተዝካርና ለሰርግ የወጪ ጣሪያ ማውጣት አያቅተውም። ሁሉም እኩል ሲቀንስ ማንም ማንን አይታዘብም። በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ይያዝ። "ባህላችን ሊጠፋ ነው" ብሎ መጀመሪያ የሚነሣውን ሰው ከአሁኑ መገመት ይቻላል፤ በየድግሱ አስቀድሞ ቦታ የሚይዘው ነው።