ይድረስ ለክቡር «አራት በአንድ» (ፕሪንት፣ ኮፒ፣ ስካን፣ ፋክስ) ፕሪንተሬ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ዋሉ? የኔማ ነገር አይነሳ።

ዛሬ ጠዋት አንድ አባት ከአባይ ማዶ በባጃጅ መጡ፣ የቤታቸውን ካርታ በፌስታል ጠቅልለው። አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው ቶሎ ስካን ተደርጎ ይላክልኝ ብሏቸው ነው። እኔም ደረቴን ነፍቼ «አባባ ይቀመጡ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም» አልኩ፣ ምነው አፌን በቆረጠው። እሳቸው የካርታውን እጥፋት በመዳፋቸው ሲያቃኑ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ የስካን ትዕዛዙን ስካንኢሜጅ ብዬ ጻፍኩ፤ ስካነር የለም! ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ በዩኤስቢ የተሰካውን ሁሉ ዘርዝር ለማለት ኤልኤስዩኤስቢ ስል ስምዎ ከነማዕረግዎ ቁጭ ብሏል፣ ፕሪንት ሲባሉም ያትማሉ፣ ስካን ሲባል ግን የሉም። በሱዶ፣ ማለትም በአለቃ ስልጣን፣ ብሞክር ከተፍ አሉ። ለካ ክቡርነትዎ ለሩት፣ ለኮምፒውተሩ የበላይ አለቃ፣ እንጂ ለተራ ዩዘር በር አይከፍቱም! ደስ ብሎኝ ሳላበቃ ደግሞ ፕለጊን የሚሉትን ተጨማሪ ሶፍትዌርዎን አምጣ፤ ማታ ኡቡንቱውን፣ ኮምፒውተሬ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሰራበትን ሊኑክስ፣ አፕዴት ሳደርገው ቨርዥኑ ተቀይሮ የድሮው አልገጥም ብሏል፣ አዲሱን ላውርድ ስል ኔትወርኩ ውሃ እንደጠጣ የደንገል ታንኳ ይንፏቀቃል። 40 ደቂቃ። አባባ እርስዎን አዩ፣ እኔን አዩና «ልጄ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው እንዴ?» አሉኝ። በሩ ላይ ያለው ሊስትሮ ቀለም በነካው እጁ ስልኩን አውጥቶ ካርታውን ፎቶ አነሳና በቴሌግራም ላከላቸው። ለሱ 20 ብር ሰጡት፣ ለኔ «አይዞህ»።

ሊኑክስ ላይ ስካነር የሚያናግረው ሶፍትዌር ሴን ይባላል፣ በእንግሊዝኛ ጤነኛ ማለት ነው። ስሙን ያወጡት እርስዎን ሳያዩ መሆን አለበት።

ፋክስዎን ተውኩት። ከኮምፒውተሬ መላክ እንጂ መቀበል አያውቁ፣ እሱም የቤት ስልክ መስመር ከተገኘ።

ግን ባለፈው ወር ያደረግከውን አልረሳም፣ አዎ አንተ ነው የምልህ። ሰማያዊ ቀለም አለቀ ብለህ ስካን አላደርግም አልክ! ስካን መብራትና መስታወት ነው፣ ቀለም ምን ያደርግልሃል? ይሄ ብልሽት አይደለም፣ አምራቾችህ አስበው የሰሩት ዘረፋ ነው፣ ኮዱንም የሚቆልፉት እኛ እንዳንፈታው ነው። የዘርህ ነገር ነው መቼም፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ገደማ በአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ በኤምአይቲ ይሰራ የነበረው ፕሮግራመር ሪቻርድ ስቶልማን የፕሪንተር ሶርስ ኮድ (ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ) ቢጠይቅ ተከልክሎ ተናደደ፣ ማንም ኮዱን አይቶ ያስተካክል የሚለውን የነፃ ሶፍትዌር ትግል ወደ መጀመር ከገፉት ነገሮች አንዱ ያ ነው። እኔ የተናደድኩት ግን ምንም አልጀመርኩም፣ ሻይ ነው ያዘዝኩት።

ብርጭቆው አናትዎ ላይ ነው። ፕለጊኑ 34 ፐርሰንት ደርሷል።

አክባሪዎ፣ ሩት ያልሆነው
ባህር ዳር