በዓል ሲመጣ መጣልና መግዛት ይብቃን

ወገኖቼ፣ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ጣሳውን፣ ጠርሙሱንና ያረጀውን መጋረጃ እንጥላለን፤ በዓል ሲደርስ ደግሞ በማግስቱ የሚጣል የፕላስቲክ ጌጥ ለመግዛት እንሯሯጣለን። ይህ አንድ ጥፋት ነው። ሁለተኛው ጥፋት ግን ይብሳል፦ እቤት እንሥራ ስንል እንኳ በዋዜማው፣ በጥድፊያ እንሠራለን። ቀለሙ ሲላጥ፣ ጣሳው ሲጨረማመት «የቤት ጌጥ አያምርም» ብለን እንፈርዳለን። እባካችሁ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።

ከጣሳ ፋኖስ ለመሥራት ብዙዎች ባዶውን ጣሳ በምስማር ይመታሉ፤ ጣሳውም ይጎደጉዳል። መጀመሪያ ውሃ ይሞላበትና ይቀዝቅዝ። ጣሳውን እጠቡ፣ ወረቀቱን ላጡ፣ ከአፉ 2 ሴንቲ ሜትር አጉድላችሁ ውሃ ሙሉና ፍሪዘር ውስጥ ይደር። ውሃ በረዶ ሲሆን ይዘቱ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ጢም አድርጋችሁ ከሞላችሁት ታቹ ያብጥና ቀጥ ብሎ አይቆምም። ንድፉን በማርከር በነጥብ በነጥብ አስቀምጡ። በነጥቦቹ መካከል 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይኑር፤ ሲቀራረቡ ቆርቆሮው ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ይቀደዳል። ከዚያ በታጠፈ ፎጣ ላይ አጋድሙና ምስማሩን በመዶሻ ምቱ። ለሽቦ ማንጠልጠያው ከአፉ ዝቅ ብሎ ግራና ቀኝ ሁለት ቀዳዳ ይበቃል። በረዶው ሲቀልጥ ሳታሳድሩ አድርቁት፤ የተበሳው ብረት ቶሎ ይዝጋል። የቀዳዳዎቹ ውስጥ ጠርዝ እንደ ምላጭ ስለታም ስለሆነ ጣት አትስደዱበት፤ የምታጸዱት በብሩሽ ይሁን።

ጠርሙስ ላይ ቀለም የሚላጠው ቀለሙ መጥፎ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ ከሥሩ ቅባት ስላለ ነው። ወረቀቱን ለግማሽ ሰዓት በሞቀ የሳሙና ውሃ ዘፍዝፋችሁ አንሱት። የሚቀረውን ሙጫ እኩል መጠን ባላቸው የምግብ ዘይትና ቤኪንግ ሶዳ አሹት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ሙጫው ለቀቀ ብሎ ቀለም ይቀባል፣ ዘይቱ ግን ገና አልለቀቀም። እንደገና በሳሙና እጠቡ፣ አድርቁ፣ በአልኮል ጥረጉ፤ ከዚያ በኋላ ገላውን በጣት አትንኩ። አክሪሊክ ቀለም ከአንድ ወፍራም ይልቅ ሁለት ስስ ቅብ ይሻለዋል፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው አይደረብ። ሳትነኩት 24 ሰዓት ይቆይ።

ያረጀ መጋረጃና ሸሚዝ ለተንጠልጣይ ባንዲራ ይሆናል። ላዩ 20፣ ቁመቱ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሦስት ማዕዘን ቁረጡ፤ ለክሩ ማለፊያ 3 ሴንቲ ሜትር ከላይ ጨምሩ። 12 ቁራጭ በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሲሰካ 3 ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ክሩ ግን ለማሰሪያ ከግራም ከቀኝም ግማሽ ግማሽ ሜትር ይትረፍ።

አሁን አጥብቄ የምናገረው አለ። የተቃጠለ አምፖል ሁሉ ለጌጥ አይሆንም። ውስጡ ቀጭን ሽቦ የሚታየው የድሮ አምፖል ሳይከፈት ከውጭ ቢቀባ ችግር የለውም። ረጅሙ የፍሎረሰንት ዘንግና የተጠማዘዘው አምፖል ግን ሜርኩሪ አለባቸው፤ ሲሰበሩ ትነቱ ወደ ክፍሉ አየር ይገባል። ልጆች ባሉበት ቤት እነዚህን ማንጠልጠል ትልቅ ግድየለሽነት ነው። ሽፋኑ የተላጠ የመብራት ገመድንም በፕላስተር እየጠቀለላችሁ አትሰኩ።

በቀባችሁት ወይም ጨርቅና ወረቀት በለጠፋችሁበት ጠርሙስ ውስጥ እውነተኛ ሻማ አታብሩ፤ በባትሪ የሚሠራ መብራት አስገቡበት። ሻማ የሚበራው ባልተቀባ ጠርሙስና በጣሳው ፋኖስ ብቻ ይሁን። ጠርሙስ ከሆነ ከሥሩ 3 ሴንቲ ሜትር ደረቅ አሸዋ ይኑረው፤ ነበልባሉ ታቹ ሲደርስ ብርጭቆው በአንድ በኩል ግሎ ይሰነጠቃልና። ከመጋረጃና ከባንዲራው አርቁት፣ ከክፍሉ ስትወጡም አጥፉት።