የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጠን

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ሸዋ በር ቡና ላይ የተነሳ ክርክር ነው፣ ከጭንቅላቴ አልወጣ ስላለኝ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ዝናቡ ይወርዳል፣ እኛ ላስቲክ ስር ተጠጋግተን የቢራ ሳጥን ገልብጠን ተቀምጠናል፣ ቡና የምታፈላልን ልጅ ሌላ መቀመጫ የላትም። አንዱ አይሱዙ የሚነዳ ልጅ ነው፣ መጠጥ ካቆመ አራት ወሩ። ሌላው ትልቅ ሰው ናቸው፣ የሰፈራችን የቅሬ ዳኛ (ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው)፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

የልጁ ስልክ ጮኸና "ስብሰባ አለብኝ" ብሎ ሊነሳ ሲል ጋሼ የምን ስብሰባ አሉት። ልጁ አልደበቀም፣ "መጠጥ ያቆምን ሰዎች ነን ጋሼ፣ በስልክ እየተገናኘን እናወራለን፣ አዲስ አበባ ጭነት ሲኖረኝ ደሞ በአካል እገባለሁ" አላቸው። ጋሼ ሳቁ። "ሰካራም ከሰካራም ጋ ምን ሊመካከር ነው? የት ሰፈር አረቄ ይረክሳል ልትባባሉ?" ልጅቷ ሳቀች፣ ምን ያደርጋል እኔም ስቄያለሁ። ልጁ ግን ቀስ ብሎ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" አላቸው።

ከዛ የጋሼ ማስረጃ ወረደ፣ ማስረጃ ከተባለ። የፈረንጅ ነገር ነው፣ ወንድ ልጅ ከቆረጠ በአንድ ቀን ያቆማል፣ ደሞ ደሴ ላይ ጠዋት የተናገርከው ማታ ጦሳ ተራራ ላይ ይሰማል። የመጨረሻዋ እንኳን እውነት አላት፣ ግማሹን የሚያደርሱት ራሳቸው ጋሼ ናቸውና።

ልጁን ያናደደችው "በአንድ ቀን" የምትለዋ ናት። ሞክሯታል እኮ። ስንት አመት ጠዋት በአረቄ አፉን ሲያሟሽ የኖረ ሰው በወኔ ቁርጥ አደረገው፣ ከዛ ላቡ፣ መንቀጥቀጡ፣ በሶስተኛው ቀን እንደሚጥል በሽታ አንፈራግጦ ጣለው፣ ሰፈሩ ጋኔን ነው አለ። ሰውነቱ መጠጡን ስለለመደ ሲያጣው እንዲህ እንደሚሆን፣ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ሐኪም ሳያየው ድንገት ቢያቆም ሊሞትም እንደሚችል ሆስፒታል የነገረችው ነርስ ናት፣ ስለ ስብሰባውም የሰማው ከሷ ነው። "ጠበልም ሄጃለሁ ጋሼ፣ ጠበሉ ምን አጠፋ፣ ስመለስ ግን የተመለስኩት ያው ጓደኞቼ ጋ ያው ወንበር ላይ ነው" አለ። ይሄን ሲል ሲኒውን በሁለት እጁ ነው የያዘው፣ ያኔ የለመደው ነው፣ አሁን እጁ አይንቀጠቀጥም።

ከዛ የስብሰባውን ታሪክ አመጣላቸው። በፈረንጆቹ 1935 አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ አክረን የምትባል ከተማ፣ ከኒውዮርክ ለስራ የሄደ የአክሲዮን ደላላ ስራው ከሽፎበት ሆቴል ውስጥ ብቻውን ቆሟል፣ ባሩ እዛው ነው። ወደ ባሩ መግባቱን ትቶ ስልክ አነሳና እንደኔ መጠጥ ያስቸገረው ሰው ፈልጉልኝ እያለ ደወለ። ያገናኙት እሱንም መጠጥ ካስቸገረው አንድ የቀዶ ጥገና ሐኪም ጋ ነው። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚሉት ከነዚህ ሁለት ሰዎች ነው የተነሳው። የአባት ስም አይጠየቅም፣ ወርሃዊ መዋጮ የለም ("እንደ ቅሬያችን አይደለም" ብሎ ጋሼን ነካ አደረጋቸው)፣ ለመግባት መጠጥ ማቆም መፈለግ ብቻ ይበቃል። እስከ ዘላለሙ አልጠጣም ብለህ አትምልም፣ ዛሬን ብቻ።

"ታዲያ ደሴ ላይ የታለ?" አሉ ጋሼ፣ እንዳሸነፈ ሰው። "ሁለት ሶስት ሰው ከተገናኘ እሱም ቡድን ነው ጋሼ፣ አንድ ሰው ነው የጎደለኝ፣ በሽታውን የደበቀ..." ልጅቷ ቶና እየቀዳች "መድኃኒት የለውም" ብላ ጨረሰችለት፣ በቃሏ ይዛዋለች።

እኔ ገና ከመጀመሪያው ከልጁ ጋ ነኝ፣ ምን እደብቃለሁ። ወሎዬ ሆኖ ተሰብስቦ ጭንቅን ማውራት የፈረንጅ ነው ይባላል? ወዳጃ ታዲያ ምንድን ነው? ሰው ጭንቁን ይዞ ይመጣል፣ ቡናው ይፈላል፣ ዱአው ይደረጋል፣ ሁሉም አሚን ይላል፣ ጋሼ ራሳቸው ክርስቲያን ሆነው ጎረቤት ወዳጃ ካለ ቀድመው የሚቀመጡ ሰው ናቸው። ለመጠጥ ሲሆን ነው ነውር የሚሆነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልን እያደግን ደብቅ ብለን የምናፍነው እኛው።

ደሞ ዘመኑ! የመጠጥ ማስታወቂያ በ2011 በወጣው አዋጅ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ወረደ፣ ደግ ነው፣ ግን ማስታወቂያው እኛው ራሳችን አይደለን እንዴ። ሰርግ ላይ አልጠጣም ያለውን ሰው "ምነው ታመምክ?" እንለዋለን፣ ቦይ ውስጥ ሲወድቅ ደሞ ስልካችንን አውጥተን ቀርጸን ቲክቶክ ላይ እንለቀዋለን። አምና ከሰፈራችን አንዱን አረቄ በላው። በአንድ ሰዓት ድንኳን ተጣለ፣ ሶስት ቀን ሙሉ ንፍሮ፣ ቡና፣ ሰው ግጥም ብሎ፣ ቅሬያችን ለሬሳ አንደኛ ነው መቼም። በቁሙ ግን ማታ ማታ ደጃፋችን ላይ ሲወላገድ በሩን የዘጋነው እኛው ነን። ቅዳሜ ለት ይሄን አንስቼ ስጠይቃቸው ጋሼ "እሱ መቼ ነገረንና" አሉኝ። እንዴት አድርጎ ይንገራቸው? ቢነግራቸው የት ሰፈር አረቄ እንደሚረክስ ነበር የሚጠይቁት።