የባሕር ጃርት ማለቅ ግልግል አይደለም

ሰሞኑን በአንድ የአማርኛ ውይይት ላይ በቀይ ባሕር ዳርቻ ስላለችው የእስራኤል ከተማ ስለ ኢላት ጉብኝት ሲወራ፣ አንዱ ተናጋሪ «ያ ጥቁር እሾሃም ነገር ማለቁ ግልግል ነው፤ አሁን ልጆቻችን ተረጋግተው ይዋኛሉ» ሲል ሰማሁ። አዘጋጁም «እውነት ነው» ብሎ ወደ ሆቴል ዋጋ አለፈ። «ያ ነገር» የተባለው የባሕር ጃርት ነው፤ እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ።

እሾሁ ያማል? አዎ፣ ያማል። ቆዳ ውስጥ ገብቶ ይሰበራል፤ ማውጣቱም አበሳ ነው። ታዲያ ጫማ አድርጎ መግባትና የሚረግጡትን ማየት አይቻልም? ኮራል (ድንጋይ መሰል አካል የሚሠራ የባሕር እንስሳ) ለማየት ኢላት ድረስ የሄደ ሰው፣ ኮራሉን የሚጠብቀው እንስሳ አለቀ ሲባል እንዴት ደስ ይለዋል?

ይህ የባሕር ጃርት ቀን ቀን ስንጥቅ ውስጥ ተሸጉጦ ይውላል። ሲመሽ ወጥቶ ድንጋዩ ላይ የበቀለውን አልጌ ይግጣል። አፉ ከሥሩ ነው፤ በአምስት ጥርሱ ድንጋዩን እየፋቀ ይሄዳል። የኮራል እጭ ተጣብቆ የሚያድገው እንዲህ በጸዳ ድንጋይ ላይ ነው። አልጌ የወረሰው ድንጋይ ላይ ቦታም ብርሃንም አያገኝም።

የባሕር ጃርቱ አሟሟትም ይዘገንናል። እ.ኤ.አ. በ2022 በግሪክና በቱርክ ዳርቻ የታየው እልቂት በ2023 ቀይ ባሕር ገባ። እሾሁ ይረግፋል፤ ድንጋይ የሚጨብጥባቸው ቀጫጭን እግሮቹ ይለቃሉ። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሉት፣ ጤነኛ የነበረው በሁለት ቀን ውስጥ አፅም ይሆናል። ገዳዩ በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ነው።

«ዓሣ ሞልቷል፣ አልጌውን ዓሣ ይበላዋል» የሚሉም አሉ። ውሃ የማያነሳ ክርክር ነው። ጃማይካን ይመልከቱ። እዚያ አልጌ በል ዓሣው በአጥማጅ ብዛት ተመናምኖ፣ ሥራው ሁሉ በባሕር ጃርት ላይ ወድቆ ነበር። ኮራሉ ደህና ስለሚመስል ማንም ልብ አላለም። በ1983 ከፓናማ በኩል የጀመረ በሽታ በዓመት ገደማ ካሪቢያንን አዳረሰ፤ ከ100 የባሕር ጃርት ከ90 በላይ ሞተ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የጃማይካ ሪፍ (ኮራል የገነባው የባሕር ውስጥ ዐለት) ከግማሽ በላይ ሕያው ኮራል ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ5 በመቶ በታች ወረደ፤ ቦታውን አልጌ ወረሰው። የ1980ው አውሎ ነፋስም ኮራሉን መትቶት ነበር፤ ግን ከዚያ እንዳያገግም የከለከለው አልጌው ነው።

ከ40 ዓመት በኋላም የካሪቢያን የባሕር ጃርት ወደ ድሮ ቁጥሩ አልተመለሰም። ወንዱም ሴቷም ዘራቸውን ውሃ ውስጥ ይለቃሉ። ተጠጋግተው ካልኖሩ ዘሩ ሳይገናኝ ይቀራል። ስለዚህ እዚህና እዚያ አንዳንድ ቢተርፍ ተረፈ አይባልም። ይባስ ብሎ በ2022 ያው ዓይነት ጥገኛ የካሪቢያኑንም እንደገና ፈጀው።

አዎ፣ የባሕር ጃርት ሲበዛ ሪፍ ይጎዳል፤ ኬንያ ላይ ታይቷል። ያ የሆነው ግን የባሕር ጃርቱን እያደነ የሚበላውን ዓሣ ሰው አጥምዶ ስለጨረሰ ነው። ጥፋቱን በእንስሳው ማሳበብ አይቻልም።

እኛ ደግሞ ቀይ ባሕርን ሳናነሳ የማንውል ሕዝብ ነን። ስለ ወደቡ ሁሉም ይናገራል፤ ውሃው ውስጥ ስላለው ሕይወት ግን «ግልግል» ሲባል ዝም እንላለን። ይህ ያበሳጫል።

ፍሎሪዳ ውስጥ የካሪቢያኑን ዘር በገንዳ እያራቡ ወደ ባሕር ይመልሳሉ። ኢላትና የዮርዳኖሷ አቃባ አንድ ባሕረ ሰላጤ ነው የሚጋሩት። የተረፉትን ሰብስቦ፣ ከበሽታው ለይቶ ማራባት የሁለቱም ሥራ ነው፤ በጀቱም አሁኑኑ መመደብ አለበት። አልጌ በል ዓሣ ማጥመድም በሕግ ይከልከል፤ የባሕር ጃርቱ እስኪመለስ ሪፉን በዋናነት የሚያጸዳው እሱ ነውና።