ያቺ አንድ ደቂቃስ?

አንድ ያነበብኩት ጽሑፍ የሕፃናት ሕክምና ጥራት ተሻሽሏል ይላል፤ ይህን የሚለው ግን የታከሙትን ልጆች ብዛት ቆጥሮ ነው። ብዛትን እንደ ጥራት መቀበል ይከብደኛል።

ሳል ይዞት የመጣን ልጅ እንውሰድ። ባለሙያው የልጁን ልብስ ገለጥ አድርጎ፣ ልጁ ሳያለቅስ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ ትንፋሹን መቁጠር አለበት። ከ2 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ። የሳንባ ምች የሚጠረጠረው በዚህ ነው። ታዲያ ያቺ ደቂቃ ተዘልላ ቢሆንስ? መዝገቡ ላይ የሚቀረው «ታክሟል» የሚለው ብቻ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

የሕክምና ጥራት ተመራማሪው አቬዲስ ዶናቤድያን እ.ኤ.አ. በ1966 ጥራት በግብዓት፣ በአሠራርና በውጤት እንደሚታይ ጽፏል። ግብዓትን፣ ማለትም አልጋና ኦክስጅንን፣ መቁጠር ቀላል ነው። ውጤት ብቻውን ደግሞ ያሳስታል፤ በጠና የታመሙ ልጆች የሚላኩበት ሆስፒታል ሞት ቢበዛበት ሥራው ደካማ ነው ማለት አይደለም። አሠራሩን ለማየት ግን ባለሙያው ሲያክም አጠገቡ መቆም ይጠይቃል።

እናቶችንም ጠይቁ እባካችሁ። መድኃኒቱን በቀን ስንቴ እንደምትሰጥ ተነግሯታል? ልጁ መጥባት ካቃተው ቶሎ እንድትመለስስ? ከክፍሉ ስትወጣ በር ላይ መጠየቅ ይቻላል።