መኪናህን ምን አደረግከው?

ዋሽንግተን አካባቢ ሳይክል ላይ የታየ አበሻ ሦስት ነገር ይጠረጠራል። ወይ መኪናው ተበላሽቷል፣ ወይ መንጃ ፈቃዱን ተቀምቷል፣ ወይ ከሚስቱ ተጣልቶ ከቤት ወጥቷል። አራተኛ ምክንያት የለም። «ደስ ስላለኝ ነው» ብትል የሚያምንህ አታገኝም። እኔን አላመኑኝም።

የሌበር ዴይ ሰኞ ነው። አሜሪካኖች ይህን የሠራተኞች ቀን ከ1894 ጀምሮ በሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሰኞ ያከብሩታል። ታክሲ ነጂ ግን ሠራተኛ ስላልሆነ ነው መሰለኝ በዚያ ቀን ይሠራል። ዘንድሮ ልጄ «አባዬ፣ ዛሬ አትወጣም» አለችኝ። ሁለት የኤሌክትሪክ ሳይክል ተከራይታ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ወሰደችኝ።

መንገዱ ማውንት ቨርነን ትሬይል ይባላል። በቨርጂኒያ በኩል ከሩዝቬልት ደሴት አጠገብ ይነሳና ወንዙን ይዞ እስከ ጆርጅ ዋሽንግተን መኖሪያ ይወርዳል። ርዝመቱ 18 ማይል ነው፣ 29 ኪሎ ሜትር ገደማ። አጠገቡ ያለውን አስፋልት እዚህ አገር ታክሲ የነዳ ሁሉ ያውቀዋል። እኔም ከኤርፖርት ሰው ጭኜ ስንት ዓመት ተመላልሼበታለሁ። ወንዙን አይቼዋለሁ ለማለት ግን ይከብደኛል። ሳይ የኖርኩት ፊቴ ያለውን መኪና የፍሬን መብራት ነው።

የኤሌክትሪክ ሳይክል ሞክሮ ለማያውቅ ልንገረው። እኛ የተከራየነው ዓይነት ሞተሩ ብቻውን አይወስድህም፤ አንተ ፔዳሉን ስትረግጥ እሱ ያግዝሃል። ዳገት ላይ አንድ ደግ ሰው ኮርቻህን ይዞ ከኋላ የሚገፋህ ይመስልሃል። ተራው ዓይነት በሰዓት 20 ማይል ላይ ሲደርስ እገዛውን ያቆማል። ከዚያ በላይ መብረር ከፈለግክ በራስህ ጉልበት ነው። እኔ ጉልበቴን የሚያመኝ ሰው ነኝ። 20 ማይል ምን ጎደለው?

ያስመረረኝ ሌላ ነገር ነው። ገና ከመነሳታችን ከኋላዬ «ኦን ዩር ሌፍት!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ በግራህ ላልፍ ነው ማለት ነው። ሰባ ዓመት ያለፋት የምትመስል ሴትዮ በግራዬ እልም ብላ አለፈች። ባሏም ተከተላት። እሱም «ኦን ዩር ሌፍት!» አለ። ቀጥሎ ልጇን በጋሪ የምትገፋ ሯጭ፣ ቀጥሎ ውሻውን ከኋላ የጫነ ጎረምሳ። ሁሉም ያስጠነቅቃል። ሥርዓት ነው፣ ጥሩ ሥርዓት ነው፣ አውቃለሁ። ግን በየደቂቃው «ልቀድምህ ነው» እየተባልክ መሄድ ሞራል ይነካል። አገር ቤት የሚያልፍህ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚያልፍህ። ቢበዛ ይገፋህ ይሆናል እንጂ ዕድሜህን አያስታውስህም።

ኤርፖርቱ ጋ ስትደርስ ግራቬሊ ፖይንት የሚባል ሜዳ አለ። አውሮፕላኑ ከራስህ በላይ፣ ጎማው እስኪቆጠር ዝቅ ብሎ ያልፋል። ሰዉ ሣሩ ላይ ተጋድሞ እሱን ያያል። ሥራዬ ብሎ፣ ሳንድዊቹን ይዞ! የእኛ በዓል የሚከበረው ቁጭ ተብሎ ነው። በግ ይታረዳል፣ ዶሮ ይሠራል፣ ይበላል፣ «በሞቴ» እየተባለ እንደገና ይበላል። እናቶቻችን ደግሞ በዓሉን የሚያከብሩት ሽንኩርት ሲያቁላሉ ነው። ይህን ስል በግ ጠላሁ ማለቴ አይደለም። ግን እኔ ባደግሁበት ቤት በዓመት በዓል ቀን እናቴ ወንዝ ዳር ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም።

አሌክሳንድሪያ ስትገባ መንገዱ ከከተማው ጎዳና ጋር ይቀላቀላል። እዚያ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ ጎኔ አንድ ታክሲ ቆመ። መስኮቱ ወረደ። የሥራ ባልደረባዬ ነው።

«አንተ! መኪናህን ምን አደረግከው?»

«ቤት ነው ያለው።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም። እየተንሸራሸርኩ ነው።»

«ወዴት?»

«ወደ የትም።»

ከሄልሜቴ እስከ ጫማዬ አየኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ችግር ካለ እኮ መደዋወል ነው» አለኝና መብራቱ ሲለቅ ሄደ። ማታ ስልኬ አላረፈም። አንዱ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደውሎ ትርፍ መኪና እንዳለው ነገረኝ። ሌላዋ ሚስቴን ጠርታ በጣም በጥንቃቄ «ሰላም ናችሁ ግን?» ብላ ጠየቀቻት። ያቺን በግራዬ ያለፈች ሴትዮ ግን ማንም አልደወለላትም። የነዳችው ሳይክል ዋጋ ደግሞ፣ ልጄ እንደነገረችኝ፣ የእኔን አሮጌ መኪና ይገዛል።

የሚያናድደው እኔ የባህር ዳር ልጅ መሆኔ ነው። በእኛ ጊዜ ባህር ዳር ሳይክል የሁሉም ነበር። መምህሩ፣ ነርሷ፣ የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ሁሉም ነድቶ ነው ሥራ የሚገባው። ነጠላዋን አጣፍታ የምትነዳ ሴትዮን ዞሮ የሚያይ አልነበረም። ሳይክል የሌለን ልጆች መታወቂያ አስይዘን በሰዓት እንከራይና እስከ አባይ ድልድይ፣ ሲቀናን እስከ ቤዛዊት ዳገት እንሄዳለን። ወዴት ናችሁ የሚለን የለም። አዲስ አበባ ስገባ ነው ሳይክል የልጅና የድሃ እንደሆነ የተነገረኝ። አሜሪካ ስመጣ ጭራሽ መኪና የሰውነት ማረጋገጫ ሆነ።

አሁን አባይ ላይ 380 ሜትር የሚረዝም አዲስ ድልድይ ተሠርቷል። በ2024 በሜይ ወር ተመርቆ ተከፍቷል፣ የሳይክል መስመርም አለው። ፎቶውን አይቼ ልቤ ተነስቶ እህቴ ጋ ደወልኩ። «ሳይክሉን ተወው፣ እኛ ገና ሳይጨልም ነው ቤት የምንገባው» አለችኝ። ወሬ ቀየርን።

ወንዝን በተመለከተ አሜሪካኖቹም ሲፈጠሩ ንጹሕ አልነበሩም። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1965 የፖቶማክን ቆሻሻ አሳፋሪ ብለውታል። ዋሽንግተን በ1971 በወንዞቿ ውስጥ መዋኘት ከልክላለች። የተሻለው ከዚያ በኋላ በሕግና በገንዘብ ነው። ስለዚህ ቀበና ድልድይ ላይ አፍንጫችንን ይዘን ስናልፍ የኖርን ሰዎች ተስፋ አንቁረጥ። ከ2019 ጀምሮ 56 ኪሎ ሜትር የአዲስ አበባ ወንዞች ዳርቻ እናለማለን ተብሎ ሥራ ተጀምሯል። በኮሪደሩ ልማትም የሳይክል መንገድ ተሠርቷል። ያማረውን አያለሁ። ለዚያ ሲባል ከሰፈራቸው የተነሱ ሰዎችንም አውቃለሁ። ሁለቱን በአንድ አፍ ማውራት ስለሚያጣላ በቡና ላይ አላነሳውም።

ከአሌክሳንድሪያ ወዲያ ረግረግ አለ። መንገዱ አንዳንድ ቦታ የእንጨት ድልድይ ይሆናል። ጎማው ሲሄድበት ሳንቃው ቀ-ቀ-ቀ-ቀ ይላል። ግራጫ ወፍ በአንድ እግሩ ውኃው ውስጥ ቆሞ ዓሣ ይጠብቃል። ጣና ዳር የማውቀው ዓይነት ነው። ልጄን አስቁሜ ስለ ጣና ላወራላት ስጀምር ከኋላዬ «ኦን ዩር ሌፍት!»

ማውንት ቨርነን መግቢያ ላይ ያለውን ዳገት ሞተሩ ባያግዘኝ አልወጣውም ነበር። ይህን ለሳይክሏ እመሰክራለሁ። ለአከራዮቹ ግን አልመሰክርም። ስንመልስ ልጁ በስልኩ መብራት እያበራ መረመራትና ፔዳሏ ላይ ጭረት አገኘ። ጭረቱ እኛ ስንወስዳት ነበረ። መያዣውን ያዙት። ባህር ዳር ቢሆን ከአከራዩ ጋር ተጯጩኸን፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ መታወቂያዬን ይዤ እሄድ ነበር። እዚህ የምትጮህበት ሰው የለም። ልጁ «ሲስተሙ ነው» አለኝ። ልጄ «አባዬ ተወው» ትላለች። እኔ ግን አልተውኩም፤ በየቀኑ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኜ እደውላለሁ። የሚያነሳው ማሽን ነው። ለእንግሊዝኛ አንድን ተጫን፣ ለስፓኒሽ ሁለትን ተጫን ይለኛል።