የተራራ አናት ላይ የደብዳቤ ሣጥን ፈልጋችሁ ክዳኑን ሳትገጥሙ ለምትወርዱ

ይህንን ሳልናገር ብቀር ያንቀኛል። ስንት ሽቅብ ወጥቶ፣ ስንት ድንጋይ ሥር አጎንብሶ የተደበቀችውን የደብዳቤ ሣጥን ካገኘ በኋላ፣ ክዳኗን በወጉ ሳይገጥም ፎቶውን ብቻ አንስቶ የሚወርድ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

የደብዳቤ ሣጥን ፍለጋ የሚባለውን ጨዋታ ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አንዱ ሣጥን ሠርቶ ይደብቅና መገኛዋን የሚጠቁም ፍንጭ ይጽፋል፤ ሌላው በፍንጩ እየተመራ ይፈልጋታል። ሣጥኗ ውስጥ አንድ መዝገብና አንድ ማኅተም ይቀመጣሉ፤ ፈላጊው ደግሞ የራሱን ማኅተምና ደብተር ይዞ ይወጣል። ሲያገኛት የራሱን ማኅተም በመዝገቧ ላይ፣ የእርሷን ማኅተም በደብተሩ ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያም እንዳገኛት አድርጎ መልሶ ይደብቃታል። ሽልማት የለው፣ ዳኛ የለው፤ ነገሩ ሁሉ የቆመው ቀድሞ የመጣው ሰው ለሚቀጥለው በማሰቡ ላይ ብቻ ነው።

የሚቀጥለው ሰው ደግሞ በቀላሉ አይደርስም። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ባወጣው፣ እስካሁንም በሚሠራበት ስሌት መሠረት፣ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይታሰባል። 10 ኪሎ ሜትር ርቀትና 900 ሜትር ዳገት ያለው መንገድ እንግዲህ ዕረፍትን ሳይጨምር ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል ማለት ነው። ያንን ሁሉ ወጥቼ፣ በፍንጩ መሠረት ኮምፓሴን አስተካክዬ፣ እርምጃዬን ቆጥሬ፣ ከቋጥኙ ሥር እጄን ሰድጄ ሣጥኗን ሳወጣት ውስጧ ውሃ ይንቦጫረቃል። መዝገቡ እንደ ራሰ ጥጥ አብጧል፤ ገጹን ልገልጥ ስል ጠርዙ ጣቴ ላይ ቀረ፤ ከእኔ በፊት የወጡ ሰዎች ማኅተምና ቀን እርስ በርሱ ተቀላቅሎ አንድ ሰማያዊ እድፍ ሆኗል። ማኅተሙማ ጭራሽ የለም።

«ዝናብ ነው» የሚል ይኖራል። ዝናቡ ምን አጠፋ? አናት ላይ ደመናው ራሱ ውሃ ነው፤ ቀን በሣጥኗ ውስጥ የታፈነው እርጥብ አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጤዛ ይሆናል፤ ውሃው ወደ በረዶነት ሲለወጥ ደግሞ መጠኑ ወደ 9 በመቶ ስለሚጨምር ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። ሠሪው ይህንን አውቆ ነው መዝገቡን ዚፕ ባለው ከረጢት ያስገባው። ነገር ግን የመዝገቡ ጥግ ዚፑ ውስጥ ከተያዘ፣ ወይም በክዳኑ ጠርዝ ላይ ጥቂት አሸዋ ከቀረ፣ የዚያ ሁሉ ጥንቃቄ ዋጋ ገደል ገባ። ጠርዙን በጣት መጥረግና ዚፑን እስከ መጨረሻው መሳብ ስንት ደቂቃ ይወስዳል?

ይህ ልማድ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1854 ነው ይባላል፤ ጄምስ ፔሮት የተባለ መንገድ መሪ በእንግሊዝ ዳርትሙር፣ ክራንሚር ፑል በሚባለው ረግረጋማና ሩቅ ቦታ፣ እዚያ የደረሱ እንግዶች የስም ካርዳቸውን የሚተዉበት ጠርሙስ አስቀመጠ። በኋላም ሰዎች የራሳቸውን አድራሻ የጻፉበትን ፖስትካርድ ይተዉ ጀመር፤ ቀጥሎ የመጣው መንገደኛ ያንን ይዞ ወርዶ ፖስታ ቤት ያስገባላቸው ነበር። ለማያውቀው ሰው ደብዳቤ ተሸክሞ ረግረጉን የሚያቋርጥ ሰው ነበረ እንግዲህ፤ የእኛ ዘመን ሰው ክዳን መግጠም ከበደው።

ፍንጭ ጻፊዎችም ቢሆኑ ንጹሕ አይደሉም። «በ140 ዲግሪ 100 ሜትር ሂድ» ብሎ ጽፎ፣ የኮምፓሱን ሰሜን ይሁን የካርታውን ሰሜን ሳይናገር የሚተው አለ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉምና፣ ልዩነታቸው 10 ዲግሪ በሆነበት አገር ይህ ወደ 17 ሜትር ያስታል። ይሁንና እነርሱ ቢያንስ ሣጥን ሠርተው፣ ማኅተም ቀርጸው፣ ተሸክመው ወጥተዋልና ቁጣዬ ለእነርሱ አይደለም።

ቁጣዬ ሣጥኗን ለማግኘት የተራራውን የድንጋይ ካብ ንዶ ለሚሄደው፣ ሣሩን ከነሥሩ ለሚነቅለው፣ «ለሌላው እንዲቀልለት» ብሎ ድንጋይ ቆልሎ ምልክት ለሚያደርግባት ነው። ወንድሜ፣ እንዳትታይ ተብላ እኮ ነው የተደበቀችው! የመደበቂያውን ፎቶ ከነቦታው የሚለጥፈውንማ ተዉት። ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን እንደረጠበች አይቶ፣ አዝኖ ወርዶ፣ ለባለቤቷ «ውሃ ገብቷታል» የምትል አንዲት መስመር እንኳ የማይጽፈው ነው፤ ባለቤቷ እኮ እየተጎበኘች ያለች መስሎት ተቀምጧል።

እኔ ከእንግዲህ ትርፍ ከረጢት፣ ደረቅ ጨርቅና ባዶ ደብተር ይዤ ነው የምወጣው። ማኅተሙን ግን ልተካው አልችልም፤ አንድ ሰው በእጁ የቀረጸው ነው። የወሰድከው ሰው፣ ተመልሰህ መውጣቱ ከከበደህ የባለቤቱን አድራሻ ጠይቅና በፖስታ ላክለት።